ተቀናቃኝህን ንገረኝ…

"ጓደኛህን ንገረኝና ማንነትህን እነግርሃለሁ" ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። ጓደኛ እኮ ብዙ ነገር ይሸፍንልሃል፤ ጉድለትህን አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ድካምህን አንድ በአንድ ቆጥሮ፣ ጉልበትህን ለክቶ፣ በየዓመቱ ሳይረሳ የሚያስታውስህ ተቀናቃኝህ ነው። ስለዚህ አባባሉን ትንሽ ጠምዘዝ አድርጌ "ተቀናቃኝህን ንገረኝ" ብል የምትቆጡኝ አይመስለኝም።

የዛሬው ወጌ ስለ ሁለት ከተሞችና ስለ ሁለት ሃይስኩሎች ነው። ከተሞቹ ማሲሎንና ካንተን ይባላሉ፤ የሚገኙት በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ውስጥ ነው። በመካከላቸው ያለው መንገድ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ከፒያሳ ተነስቶ ወደ ቃሊቲ እንደመውረድ በሉት። የማሲሎኑ ትምህርት ቤት ዋሽንግተን ሃይስኩል ይባላል፤ ቡድኑ "ታይገርስ" ማለትም ነብሮቹ ነው። የካንተኑ ማኪንሊ ሃይስኩል ነው፤ ካንተንን ቤቱ ባደረገውና በ1901 በጥይት ተመትቶ በሞተው በፕሬዚዳንት ዊሊያም ማኪንሊ ስም የተሰየመ። ቡድኑ "ቡልዶግስ" ይባላል። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ ደጋግሜ እ.ኤ.አ. እያልኩ እንዳላሰለቻችሁ እዚሁ ተናግሬ ልለፍ።)

የሁለቱ ከተሞች ሃይስኩሎች ለመጀመሪያ ጊዜ የተጋጠሙት በ1894 ነው። የአድዋ ጦርነት ሊካሄድ ገና ሁለት ዓመት ሲቀረው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ከ130 ጊዜ በላይ ተጋጥመዋል። ሁለት የዓለም ጦርነቶች መጥተው ሄደዋል፤ ፋብሪካዎች ተከፍተው ተዘግተዋል፤ ይህ ጨዋታ ግን አለ።

"እግር ኳስ" ስል ግን ሜሲ የሚጫወተውን እንዳይመስላችሁ። አሜሪካኖቹ "ፉትቦል" የሚሉት እግር ብዙም የማይነካውን፣ ጫፍና ጫፉ የሾለ ኳስ በብብት ሸጉጦ፣ የብረት ቆብ የመሰለ ነገር አጥልቆ፣ እየተደራመሱ መሬት የሚቀማሙበትን ጨዋታ ነው። ስሙን ለምን እንዲያ እንዳሉት እነሱው ይወቁ። እኔን የገረመኝ ጨዋታው አይደለም፤ ዙሪያው የተኮለኮለው ሰው ነው።

ማሲሎን ውስጥ ለብዙ ዓመታት የቆየ አንድ ልማድ ነበር። በከተማዋ ሆስፒታል ወንድ ልጅ ሲወለድ የቡድኑ ደጋፊዎች ማህበር ትንሽ የፉትቦል ኳስ አምጥቶ አልጋው ላይ ያስቀምጥለታል። ልጁ ገና ስም ሳይወጣለት ቡድን ወጣለት ማለት ነው። ይህም አልበቃ ብሎ፣ ለአሥርት ዓመታት የእውነት የነብር ግልገል እያመጡ በጨዋታ ቀን በሜዳው ዳር አዙረዋል። ከተማዋ እንግዲህ ትልቅ ሆና አይደለም፤ በ2020 በተደረገው ቆጠራ የተገኘው ሕዝብ 32 ሺህ ገደማ ነው።

ታዲያ ጥያቄው ይሄ ነው። የ17 ዓመት ልጆች ጨዋታ እንዴት የአንድ ከተማ ሃይማኖት ሆነ? ደግሞስ ያን ያህል ፍቅር ልጆቹን ምን ያስከፍላቸዋል?

ገንዘብ ሲገባ

ታሪኩን ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከአዋቂዎቹ ልጀምር፤ ምክንያቱም አዋቂዎቹ ሞክረውት ነበር።

በ1903 ማሲሎን ውስጥ የጎልማሶች ቡድን ተቋቋመ፤ ስሙም ታይገርስ ተባለ። ቡድኑ ወዲያው የኦሃዮ ሻምፒዮን ነኝ ማለት ጀመረ። ጎረቤት ካንተን ይህን እያየች ዝም ልትል አልቻለችም። እሷም በፊናዋ ቡድን አቋቁማ ተጫዋች በገንዘብ ማስመጣት ጀመረች። ካንተን አንድ ስትገዛ ማሲሎን ሁለት፣ ማሲሎን ሁለት ስትገዛ ካንተን ሦስት… በ1906 ሁለቱ ቡድኖች በአገሪቱ ካሉት ሁሉ ውዶቹ የሚባሉ ሆነው ነበር።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ሁለት ጊዜ ተጋጠሙ። የመጀመሪያውን ካንተን፣ ሁለተኛውን ማሲሎን አሸነፈች። ከዚያ ነገሩ ፈነዳ። የማሲሎን ጋዜጣ "የካንተኑ አሰልጣኝ ብሎንዲ ዋላስ ውጤቱን በገንዘብ ሊያስቀይር ሞክሯል" ብሎ ጻፈ። ዋላስ ስሜ ጠፋ ብሎ ከሰሰ፤ ክሱም ፍርድ ሳይሰጥበት ተዘጋ። ክሱ እውነት መሆኑን ዛሬ የሚጠራጠሩ የስፖርት ታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። ግን ለጊዜው እውነቱ ምን አገባው? በውርርድ ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰ ደጋፊ እምነቱን አጥቷል፤ ቡድኖቹም የተጫዋች ወጪ አራቁቷቸዋል። በሁለቱም ከተሞች የጎልማሶቹ ጨዋታ ለዓመታት ተቀዛቀዘ።

በ1915 ካንተን የዘመኑን ታላቅ አትሌት ጂም ቶርፕን አስመጥታ ነገሩን እንደገና አነደደችው። በ1920 ደግሞ ካንተን ውስጥ ራልፍ ሄይ በተባለ ሰው የመኪና መሸጫ አዳራሽ የየቡድኑ ሰዎች ተሰብስበው አንድ ሊግ መሠረቱ። ዛሬ ኤንኤፍኤል የሚባለው፣ በዓመት ቢሊዮኖችን የሚያፍሰው ሊግ የተወለደው እዚያ ነው። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንትም ራሱ ቶርፕ ነበር።

እና የሁለቱ ከተሞች ቡድኖች ምን ሆኑ? የማሲሎኑ ሊጉ ሲጀመር እንኳ አልነበረም፤ ከ1919 በኋላ ተበትኗል። የካንተኑ በ1922 እና በ1923 ሳይሸነፍ የሊጉ ሻምፒዮን ሆኖ፣ ከ1926 በኋላ እሱም ጠፋ። ትልልቆቹ ከተሞች ብዙ ተመልካች፣ ብዙ ገንዘብ ነበራቸው። ሊጉን የወለደችው ከተማ ልጇን ማሳደግ አቅቷት ለሌላ ሰጠች እንደማለት ነው።

የቀሩት ሃይስኩሎቹ ናቸው። ታይገርስና ቡልዶግስ የሚሉት ስሞች ከጎልማሶቹ ተርፈው እስከ ዛሬ የሚኖሩት በተማሪዎች ደረት ላይ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የሃይስኩል ቡድን ለሌላ ከተማ አይሸጥም። ባለቤቱ ከስሮ ወደ ክሊቭላንድ አይወስደውም። ተጫዋቹ የጎረቤትህ ልጅ ነው፤ እናቱን ገበያ ላይ ታገኛታለህ። ደግሞም ማንም ተጫዋች ከአራት ዓመት በላይ አይቆይም። ኮከቡ ይሄዳል፣ ሌላ ይመጣል፣ ማልያው ግን ይቀራል። እንዲህ ሲሆን ደጋፊው የሚወደው ሰው ሳይሆን ቦታ ይሆናል። ታማኝነት ለዘመናት የሚቆየው ሊገዛ በማይችል ነገር ላይ ሲተከል ነው፤ 1906 ያስተማረው ትምህርት ይሄ ይመስለኛል።

በችግር ዘመን የመጣ አሰልጣኝ

በ1932 አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ተመትታ ወድቃ ነበር። የማሲሎን ኑሮ የብረት ፋብሪካ ነው፤ ብረት የሚገዛ ሲጠፋ ከተማዋ ምን እንደምትሆን ገምቱት። በዚያ ዓመት ዋሽንግተን ሃይስኩል አንድ የ24 ዓመት ወጣት አሰልጣኝ አድርጎ ቀጠረ። ፖል ብራውን ይባላል። ትውልዱ ኖርዎክ በምትባል የኦሃዮ ከተማ ቢሆንም ያደገው ማሲሎን ነው፤ አባቱ የባቡር ድርጅት ሠራተኛ ነበር። ራሱም ለዚያው ትምህርት ቤት ተጫውቷል።

ብራውን ቀጭን፣ ቁጥብ፣ እንደ ሒሳብ አስተማሪ የሚያስብ ሰው ነበር። ጨዋታን በጥቁር ሰሌዳና በደብተር ማስተማር የጀመረው እሱ ነው ማለት ይቻላል። አንድ ብልህ ነገር አደረገ። በከተማዋ ያሉት መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሙሉ የእሱን አጨዋወት እንዲያስተምሩ አስደረገ። ልጁ ሃይስኩል ሲገባ ቋንቋውን ለምዶ ይመጣል። በ1934 የተመሠረተው የደጋፊዎች ማህበርም የከተማውን ነጋዴና ሠራተኛ በአንድ አዳራሽ ማስቀመጥ ጀመረ።

ግን አንድ እሾህ ነበረው፤ ካንተን። በ1934 ማሲሎን ያን ዓመት የተሸነፈችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያሸነፋትም ማኪንሊ ነው፤ 21 ለ 6። ዘጠኙን አሸንፎ አሥረኛውን በጎረቤት መሸነፍ ምን ማለት እንደሆነ የደርቢ ደጋፊ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። ዘጠኙ ድል ክረምቱን ሙሉ አይወራም፤ አንዷ ሽንፈት ግን ትወራለች። በቀጣዩ ዓመት ማሲሎን 6 ለ 0 አሸነፈች። ከዚያም ብራውን እስከሄደበት እስከ 1940 ድረስ ስድስት ዓመት ተከታትሎ ካንተንን አሸነፈ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ 80 ጊዜ አሸንፎ፣ 8 ጊዜ ተሸንፎ፣ ሁለት ጊዜ አቻ ወጣ።

ይህ ሁሉ ድል ሲዘንብ ከተማዋ ሰላም ነበረች ማለት ግን አይደለም። በ1937 የሪፐብሊክ ስቲል ሠራተኞች ማህበራቸው እንዲታወቅላቸው የሥራ ማቆም አድማ መቱ። ጁላይ 11 ሌሊት ማሲሎን ውስጥ በሠራተኞቹ ጽሕፈት ቤት ላይ ተተኩሶ ሦስት ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ነብሮቹ ካንተንን አሸነፉ። ኳስ የሞተን አያስነሳም፤ ደመወዝም አይጨምርም። አንዳንዱ ሰው እንዲያውም "ሕዝቡን ከጥያቄው የሚያዘናጋ ነው" ይላል። ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አልልም። ግን ከዚያ በጋ በኋላ ከተማዋ "እኛ" የምትልበት ሌላ ቦታ ነበራት ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ፋብሪካው በር ላይ "እኛ" እና "እነሱ" ጎረቤታሞች ነበሩ። በጨዋታ ቀን "እነሱ" 13 ኪሎ ሜትር ይርቃሉ።

በ1939 መንግሥት ለሥራ አጦች ሥራ ለመፍጠር በመደበው ገንዘብ ለማሲሎን አዲስ ስታዲየም ተሠራላት። ዛሬም ከ16 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል፤ ያኔ የከተማዋ ጠቅላላ ሕዝብ 26 ሺህ ገደማ ነበር። ዛሬ ስታዲየሙ የሚጠራው በብራውን ስም ነው።

ከባላጋራ ወገን የመጣው ልጅ

አሁን ወደዚህ ታሪክ ልብ ደርሰናል።

ብራውን ማሲሎንን እያሰለጠነ ሳለ ካንተን ማኪንሊ ውስጥ አንድ ግዙፍ ጥቁር ልጅ ነበር። ማሪዮን ሞትሊ ይባላል። በ1920 ጆርጂያ ውስጥ ተወልዶ በልጅነቱ ቤተሰቡ ወደ ካንተን አመጣው። ቦታው ፉልባክ ነው፤ ማለትም ኳሷን ታቅፎ ፊት ለፊት ያለውን ሁሉ እየደረመሰ የሚሄደው ሰው። ሞትሊ በተጫወተባቸው ዓመታት ማኪንሊ የተሸነፈው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ሦስቱንም ያሸነፈው አንድ ቡድን ነው፤ የፖል ብራውኑ ማሲሎን።

እስቲ በልጁ ቦታ ሁኑ። በሃይስኩል ዘመንህ ሁሉ ያለቀስከው በአንድ ሰው ምክንያት ነው። በብራውንም ቦታ ሁኑ። በየዓመቱ "ይህን ልጅ እንዴት ላስቁመው?" ብለህ ሌሊቱን ስትሥልና ስትሰርዝ ያደርክበት ልጅ ነው። የሞትሊን እርምጃ፣ ክብደቱን፣ የሚደክምበትን ደቂቃ ከብራውን በላይ ማን ያውቃል?

ከዚያ ጦርነት መጣ። ብራውን በ1941 ወደ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሄዶ በ1942 የአገር ሻምፒዮን ሆነ። ቀጥሎም በታላቁ ሐይቆች የባሕር ኃይል ማሰልጠኛ የሠራዊቱን ቡድን ተረከበ። ሞትሊ በበኩሉ ኮሌጅ ሞክሮ፣ ጉልበቱ ተጎድቶ፣ ካንተን ተመልሶ ብረት ፋብሪካ ገብቶ ነበር። በኋላ ባሕር ኃይል ተቀጠረ። የደረሰውም ብራውን ያለበት ማሰልጠኛ ነው። በ1945 የባላጋራ ልጅና የባላጋራ አሰልጣኝ በአንድ ወገን ቆመው ታዋቂውን ኖትርዳም ዩኒቨርሲቲን 39 ለ 7 አሸነፉ።

በ1946 ብራውን ክሊቭላንድ ላይ በስሙ የተሰየመውን አዲስ የፕሮፌሽናል ቡድን፣ ክሊቭላንድ ብራውንስን፣ ይዞ ውድድር ጀመረ። በዚያን ጊዜ ነገሩ እንዲህ ነበር። ከ1934 ጀምሮ በኤንኤፍኤል ውስጥ አንድም ጥቁር ተጫዋች አልተሰለፈም። በየትኛውም መዝገብ ላይ የተጻፈ ሕግ የለም፤ የቡድን ባለቤቶቹ ግን ሁሉም "ያውቁታል"። በ1946 ሎስ አንጀለስ ላይ ሁለት ጥቁር ተጫዋቾች ያንን አጥር ሰበሩ። ክሊቭላንድ ላይ ደግሞ ብራውን በኦሃዮ ስቴት ያሰለጠነውን ቢል ዊሊስን አስገባ፤ ጥቂት ቀን ቆይቶም ለሞትሊ ጥሪ ላከ። ሞትሊ "የጠሩኝ ለዊሊስ የመኝታ ጓደኛ እንድሆነው ነው" ብሎ ጠርጥሮ ነበር። ያኔ ጥቁርና ነጭ ተጫዋች አንድ ክፍል አያድሩማ!

ለመኝታ ጓደኝነት ከሆነ የመጣው፣ ክፍሉን ብቻ ሳይሆን ቤቱን ወሰደው። ክሊቭላንድ ያን ጊዜ ይጫወትበት የነበረውን አዲስ ሊግ ከ1946 እስከ 1949 አራት ጊዜ ተከታትሎ በላ። በ1950 ኤንኤፍኤል ገብቶ በመጀመሪያ ዓመቱ ዋንጫ አነሳ፤ በዚያ ዓመት በሊጉ ኳስ ይዞ ብዙ ርቀት በመሮጥ አንደኛው ሞትሊ ነው። ጃኪ ሮቢንሰን በቤዝቦል የቀለም አጥር የሰበረው በ1947 መሆኑን አስታውሱ። እነ ሞትሊ ቀደሙት።

ታሪኩን ተረት ላድርገው ብል ግን አልችልም። በ1946 ቡድኑ ማያሚ ሄዶ ሲጫወት ሞትሊና ዊሊስ እቤት ቀርተዋል፤ በፍሎሪዳ ሕግ ጥቁርና ነጭ አብረው እንዳይጫወቱ ተከልክሏል፤ ዛቻም ነበር። ሜዳ ላይ በጫማ እየረገጧቸው፣ እየሰደቧቸው፣ መልሰው እንዳይማቱ ታዝዘው ተጫውተዋል። ሞትሊ ጨዋታ ካቆመም በኋላ አሰልጣኝ ልሁን ብሎ ቢጠይቅ ክሊቭላንድ በሩን አልከፈተለትም። እስከሚሮጥ ድረስ ነበር የሚፈለገው።

ሆኖም አንድ ነገር እውነት ሆኖ ይቀራል። አገሩ በሙሉ "ጥቁር አይችልም" ሲል፣ ብራውን እንደሚችል የሰማው ከወሬ አይደለም። ሦስት ኖቬምበር ሙሉ ፊት ለፊት ቆሞ አይቶታል። ያሸነፈውን ሰው አቅም አልካደም። ጥሩ ባላጋራ ማለት ይሄ ነው፤ ሊጥልህ ሲል ያጠናሃል፣ ሲያጠናህ ያውቅሃል፣ ካወቀህ በኋላ ደግሞ እንዳላየ መሆን ያቅተዋል። ብራውን በ1967፣ ሞትሊ በ1968 በፉትቦል የዝና አዳራሽ ስማቸው ሰፈረ። አዳራሹ ያለው የት መሰላችሁ? ካንተን ውስጥ፣ ከማኪንሊ ስታዲየም ጎን።

ብረቱ ሲሄድ

ካንተን በ1950 ቆጠራ ወደ 117 ሺህ ሕዝብ ነበራት። በ2020 የቀራት 71 ሺህ ገደማ ነው። ከተሞቹን ያቆመው የብረት ሥራ ተራ በተራ ሄደ። አገር "የዝገት ቀበቶ" ብሎ ስም አወጣላቸው። እንግዲህ እንዲህ ባለ ቦታ የቀረው ነገር ሁሉ ይከብዳል። ፋብሪካው ተሸክሞት የነበረው ኩራት የሆነ ቦታ ማረፍ አለበት። የት አረፈ? የ17 ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ።

ይህን በደንብ ያሳየው በ2001 የወጣው "ጎ ታይገርስ" የተባለ ዘጋቢ ፊልም ነው። የሠራው የማሲሎን ልጅ የሆነው ኬኔት ካርልሰን ነው፤ ፊልሙ የ1999ን የውድድር ዓመት ይከተላል። አንዱ የሚያሳየው ነገር እንቅልፍ የሚነሳ ነው። አንዳንድ ወላጆች በትምህርቱ ያልወደቀ ልጃቸውን ስምንተኛ ክፍል ሆን ብለው ያስደግሙታል። ለምን? አንድ ዓመት ገፍቶ፣ ጡንቻ አውጥቶ፣ ክብደት ጨምሮ ሃይስኩል እንዲገባ! እኛ ጋ ክፍል መድገም የሚያሸማቅቅ ነገር ነው፤ እዚያ ለኳስ ሲባል ይመረጣል።

ሁለተኛው ነገር የትምህርት ቤቱ ገንዘብ ነው። ኦሃዮ ውስጥ ትምህርት ቤት በአብዛኛው የሚኖረው የአካባቢው ሰው በቤቱና በመሬቱ ላይ ከሚከፍለው ግብር ነው፤ ግብሩ እንዲጨመር ደግሞ ነዋሪው ድምፅ መስጠት አለበት። ሀብታም ሰፈር ጥሩ ትምህርት ቤት፣ ፋብሪካ የተዘጋበት ከተማ ደካማ ትምህርት ቤት። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1997 "ይህ አሠራር ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይቃረናል" ብሎ ወስኖ ነበር። በፊልሙ ውስጥ ግን የማሲሎን ሰዎች አሁንም ድምፅ ይቆጥራሉ። የኳሱ ውጤትና የግብሩ ድምፅ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ቡድኑ ካሸነፈ ሕዝቡ ደስ ብሎት ለትምህርት ቤቱ ይከፍል ይሆናል፤ ካልሆነስ? የሒሳብ አስተማሪ ደመወዝ በአንድ ጎረምሳ ሩጫ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው ቅድም የጠየቅኩት ጥያቄ ተመልሶ የሚመጣው። በ1906 ገንዘብ ጎልማሶቹን አጠፋቸው ብለናል። ሃይስኩሉ የተረፈው በገንዘብ ስለማይገዛ ነው ብለናል። ግን ገንዘብ ባይኖርበትም ዕዳ አለበት። ከተማው የጎደለበትን ሁሉ ልጁ እንዲከፍለው ይጠብቃል፤ ከፋዩም ልጅ በአራት ዓመቱ ተመርቆ ይሄዳል፣ ጉልበቱ ላይ ጠባሳ ይዞ። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል። እዚህ ደግሞ ዝሆኖቹ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው እያጨበጨቡ ነው።

በባላጋራ ሜዳ

ይህን ብዬ ደጋፊዎቹን ረግሜ ልዘጋው አልፈልግም። እውነቱም እንዲያ አይደለም።

በ1994 ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ለመቶኛ ጊዜ ተገናኙ። ጨዋታው በመደበኛው ጊዜ አላለቀም፤ በተጨማሪ ሰዓት ማሲሎን 42 ለ 41 አሸነፈች። መቶ ጊዜ ተጋጥመው፣ መቶኛው በአንድ ነጥብ ተወሰነ! እንዲህ ያለውን ልዩነት ልብ ወለድ ጸሐፊ ቢጽፈው "አጋነንክ" ይባል ነበር።

ማሲሎን በአጠቃላይ ግጥሚያው ብዙ ጊዜ ያሸነፈችው ናት። አንድ ነገር ግን ይጎድላት ነበር። በኦሃዮ የሃይስኩል ሻምፒዮን በጥሎ ማለፍ መለየት የጀመረው በ1972 ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ዋንጫዎች በጋዜጠኞችና በመሳሰሉት ምርጫ የሚሰጡ ነበሩ። የብራውን ዘመን ዋንጫዎችም እንዲያ ናቸው። ከ1972 በኋላ ማኪንሊ በ1981፣ በ1997 እና በ1998 ሦስት ጊዜ ዋንጫ ወሰደ። ማሲሎን ፍጻሜ እየደረሰች ትመለሳለች። የካንተን ሰው አፉን የሚከፍትበትን ቁልፍ አገኘ ማለት ነው፤ "ስንት ዋንጫ በሜዳ ላይ በላችሁ?" ማለት ብቻ ይበቃዋል።

በ2023 ነብሮቹ ማኪንሊን 35 ለ 0 ረቱ። ከዚያም ፍጻሜ ደርሰው አርችቢሾፕ ሆባን የተባለውን የአክረን ትምህርት ቤት 7 ለ 2 አሸንፈው የመጀመሪያውን የጥሎ ማለፍ ዋንጫቸውን አነሱ፤ ዓመቱን ሙሉ ሳይሸነፉ። የፍጻሜው ጨዋታ የተደረገበት ሜዳ የት ነበር? ካንተን። የዝና አዳራሹ አጠገብ ያለው፣ የማኪንሊ ልጆች የሚጫወቱበት ስታዲየም። ከ50 ዓመት በላይ የተጠበቀችው ዋንጫ የተነሳችው በባላጋራ ግቢ ነው።

እና ከዚህ ሁሉ ምን እንያዝ? እኔ የያዝኩት ሁለት ነገር ነው።

አንደኛው፣ ታማኝነት ብቻውን አይቆምም፤ ተቀናቃኝ ይፈልጋል። ካንተን ባትኖር ማሲሎን አንዲት የብረት ከተማ ነበረች። ባላጋራህን የምትጠላው ሊመስልህ ይችላል፤ ግን ነገ ቢጠፋ መጀመሪያ የምትጎዳው አንተ ነህ። ስለዚህ ጎበዝ ደጋፊ የባላጋራውን መሞት አይመኝም፤ በሕይወት ኖሮ፣ ጠንክሮ መጥቶ፣ በአንድ ነጥብ እንዲሸነፍለት ይመኛል። ብራውን ደግሞ ከዚህም አልፎ ሄደ። የባላጋራውን ልጅ ለማወቅ ያዋለውን ዓይን፣ በኋላ ለእሱ በር ለመክፈት ተጠቀመበት። ፉክክር ማየት እንጂ መታወር እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለኝም።

ሁለተኛው፣ የከተማ ኩራት ከባድ ዕቃ ነው። ተሸካሚው ማን እንደሆነ መጠየቅ አለብን። አዋቂዎች ሥራ ሲያጡ፣ ፖለቲከኞች ቃላቸውን ሲበሉ፣ ትምህርት ቤት ገንዘብ ሲያጣ፣ ሸክሙን አንስቶ ለ17 ዓመት ልጅ ማሸከም ቀላል ነው፤ ልጁ ደስ ብሎት ይቀበላል፤ እንዲያውም ክብር ይመስለዋል። አልጋው ላይ ኳስ ያስቀመጠለት ከተማ፣ ጉልበቱ ሲሰበርም አልጋው አጠገብ መገኘት አለበት። ካልሆነ ያ ኳስ ስጦታ ሳይሆን ቀብድ ነበር ማለት ነው።

ቸር እንሰንብት።